ዛሬስ ነዘረሽ?

ኪዳን ተጸያፊ ሰው ነው። ጋሸና ላይ፣ የጭነት መኪኖች ከሚያድሩበት ግቢ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቤቱ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ይውላል፤ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ቢሆን ቅር አይለውም። ግሪስ ንጹሕ ነገር ነው ባይ ነው። እሱ የማይችለው የሰውን ነገር ነው። ሰው በጠጣበት ብርጭቆ አይጠጣም። ምግብ ቤት ሲገባ ወንበሩን ሳይጠርግ አይቀመጥም። አጠገቡ ሰው ቢያስነጥስ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል። ሾፌሮቹ «እሜቴ» እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱም ይሰድባቸዋል፤ እንዲህ እየተባባሉ ይኖራሉ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያን ረቡዕ የደረሰበትን ስትሰሙ ትንሽ እንድታዝኑለት ነው።

በጠዋት የላሊበላው ባለሆቴል አቶ ምስጋኑ ደወሉለት። «የቤት መኪና ነው» አሉት። «መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ አስቸገረኝ። ዛሬ ሙሽሮች ይገቡበታል፤ ቶሎ ድረስልኝ።» ኪዳን የቤት መኪና ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበውን አሰበ፤ ትንሽ አውቶሞቢል። ሙሽሮች ይገቡበታል የተባለውንም ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመጡበት ነው ብሎ ተረጎመው። የመኪና ባትሪ የሚፈትሽባትን ትንሽ አምፖል፣ ጉጠቱንና ሽቦውን በቦርሳው ከትቶ በሚኒባስ ወጣ።

ግቢው ሲደርስ ያየው ሌላ ነገር ነው። አልጋ፣ ወጥ ቤትና መጸዳጃ ያለው፣ መስኮቱ መጋረጃ የተንጠለጠለበት፣ ሁለት ሚኒባስ የሚያህል ነጭ መኪና ከጽድ ዛፍ ሥር ቆሟል። ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች ከአገራቸው ድረስ እየነዱ ያመጡት ነው። ጦርነቱ ሲመጣ እነሱ በአውሮፕላን ሄዱ፤ መኪናው አቶ ምስጋኑ ግቢ ቀረ። ጎማዎቹ ተንፍሰው ከሥሩ ደረቅ ግንድ ተደርጎለታል። ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም «ተንቀሳቃሽ ሎጅ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚያች ቦታ ግን አንድ ስንዝር ተንቀሳቅሶ አያውቅም።

«የቤት መኪና አሉኝ እኮ!» አለ ኪዳን።

«ምን ዋሸሁህ? ቤት ነው፤ መኪና ነው» አሉና አቶ ምስጋኑ ሳቁ። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ሆዳቸው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ከፊታቸው ይሄዳል። «ግባ፣ ኢንጂነር፣ ግባ። ጫማህን ግን አውልቅ። ከደሴ ያመጣሁት ምንጣፍ ነው።»

ኪዳን ሌላ ሰው በእግሩ የረገጠው ምንጣፍ ላይ በካልሲ መሄድን ሲያስብ ሰውነቱን ቀፈፈው። «እኔ ጫማ አውልቄ አልሠራም» አለ ፈርጠም ብሎ። አቶ ምስጋኑ ቅር እያላቸው ምንጣፉን አስጠቀለሉት።

የጠቀለለችው የግቢው ሠራተኛ ትርሐስ ናት። የገነተ ማርያም ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፤ ሆዷ በደንብ ገፍቷል። ከጠዋት ጀምሮ መኪናውን በባልዲ ስታጥብ ስለነበር በሩ ሥር ያለው አፈር ጭቃ ሆኗል። ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ ደጋግመው ስለተቆጧት የኮንጎ ጫማዋን ራቅ አድርጋ ትታ ባዶ እግሯን ነው የምትሠራው።

«አያ፣ በሩን ተጠንቀቀው» አለችው ቀስ ብላ። «ይነዝራል።»

ኪዳን የበሩን እጀታ ጨበጥ አደረገ። ምንም የለም። የመኪናውን ጎን በመዳፉ ዳበሰው። ምንም የለም። አምፖሉን አውጥቶ ከባትሪው ጋር ፈተነው፤ ባትሪው ጤነኛ ነው። «የመኪና ባትሪ ሰው አይነዝርም፣ እህቴ» አላት።

«ተዋት» አሉ አቶ ምስጋኑ። «እርጉዝ ሴት ምን የማይነዝራት አለ!» ብለው ወደ ሆቴላቸው ገቡ። ኪዳንም በሆዱ አይ የገጠር ልጅ አለ። ያጠለቀው ጫማ ሶሉ ሁለት ጣት የሚሆን ጎማ መሆኑን አላሰበበትም።

በሩን ከፍቶ ሲገባ ሽታው መለሰው። እንደገና አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ገባ። ፍሪጁን ከፈተ፤ የትኞቹ እንግዶች እንደተዉት የማይታወቅ የበግ ሥጋ ውሃ አውጥቶ አረንጓዴ ሆኗል፤ በላዩ ላይ አቶ ምስጋኑ ሽቶ ነፍተውበታል። የጾም ቀን ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ አፉ እህል አልነካም፤ የበሰበሰ ሥጋና የሽቶ ሽታ ባዶ ሆዱ ውስጥ ተያይዘው ገቡ። ተደግፎት የቆመው ጠረጴዛ ላይ የሰው ጥፍር ቁራጭ አየ። «እዚህ ላይ ነው ሙሽራ የሚያስተኙት!» አለ ጮክ ብሎ።

የኤሌክትሪኩ ሽቦ ሁሉ የሚገናኝበት ሳጥን ከአልጋው ሥር ነው። ፍራሹን ሲያነሣው አይጥ ዘለለ። ሳጥኑ ውስጥ የተፈጨ ስፖንጅ፣ የተበጣጠሰ ሶፍት፣ የአይጥ ኩስ፤ መሀሉ ላይ ዓይናቸው ያልተገለጠ ቀያይ ግልገሎች እርስ በርስ ተነባብረዋል። ኪዳን ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም በላስቲክ ጠቅልሎ አወጣው። ሲያወጣው የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። አይጦቹ የፈረንጆቹን ሽቦ በልተው ጨርሰዋል፤ በእሱ ፋንታ ሌላ ሰው፣ እጁ የማይረባ ሰው፣ አዲስ ሽቦ ዘርግቷል። ብልጭ ድርግም የሚልበትንም ምክንያት እዚያው አገኘው። ሽቦው የታሰረበት፣ የመኪናው አካል ላይ ያለው ብሎን ዝጎ ሊበጠስ ደርሷል።

«ማሳው ተበልቷል!» ብሎ ጮኸ።

ትርሐስ ባልዲዋን ጥላ በበሩ አንገቷን አስገባች። «የማን ማሳ? ምን በላው? ዝንጀሮ ነው?»

ኪዳን ያን ቀን ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ሳቀ። «የእናንተ እርሻ አይደለም፣ አብሽሪ። በእኛ ሥራ ማሳ የሚባለው የመኪናው ብረት ነው። መኪና ላይ ለእያንዳንዱ መብራት ሁለት ሽቦ አይዘረጋም፤ አንዱ ይሄዳል፣ መመለሻው የመኪናው ገላ ነው። እዚህ ብሎን ላይ ትታሰርና በቃ።»

«ኧረ እኔስ ደንግጬ ነበር» አለችና እሷም ሳቀች፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች።

ኪዳን ወደ ብሎኑ ተመልሶ ሲያጎነብስ፣ ከመኪናው ሽቦዎች ጋር አንድ የማያውቀው ወፍራም ሽቦ አብሮ ታስሮ አየ። በዓይኑ እየተከተለ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ተረከዙ አንድ ነገር ገፋ። የመጸዳጃው ማጠራቀሚያ ነው። ከሞላ ሰንብቷል፤ ለመድፋት ማንም አልደፈረም። ክዳኑ ተነሣና እንዳለ በሁለቱ ጫማዎቹ ላይ ፈሰሰ፤ አልፎም ካልሲው ውስጥ ገባ።

ከመኪናው እንዴት እንደወጣ አያውቀውም። ጭቃው ላይ ቆሞ ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ ወረወራቸው። ትርሐስ «ውይ! ውይ!» እያለች ሮጣ መጥታ በጣሳ እግሩ ላይ ውሃ ታፈስለት ጀመር። አንዱን እግሩን አንሥቶ ሲያሽ ተንገዳገደ፤ እንዳይወድቅ የበሩን እጀታ ያዘ።

ያዘው ማለት አይቻልም፤ እጀታው ነው እሱን የያዘው። ክንዱ እስከ ትከሻው ተኮማተረ፤ ጥርሱ ተጋጨ፤ ሊጮህ ፈልጎ ድምፁ አልወጣም። ሚዛኑን ስቶ ስለነበር ክብደቱ ራሱ ጎትቶ አላቀቀውና በጀርባው ጭቃው ላይ ወደቀ። ሊያነሡት የተዘረጉትን የትርሐስን እጆች እያየ ተጋደመ። ይህ የመኪና ባትሪ አይደለም። ይህ ሰው የሚገድል የቤት መብራት ነው።

«ነገርኩህ እኮ፣ አያ» አለችው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«አይ፣ አንዳንድ ቀን ነው። አንዳንድ ቀን ዝም ይላል። ዛሬም ሳጥበው ዝም ብሎ ነበር፤ ምንጣፉን ጠቅልዬ ስወርድ ነው የጀመረው።» ፊቱን በቀሚሷ ጫፍ ልትጠርግለት አለችና እንደማይወድ አውቃ ተወችው። «ጋሼ ጠዋት ጠዋት በሩን ያስከፍቱኛል። ‹ዛሬስ ነዘረሽ?› ብለው ይጠይቁኛል። ነዘረኝ ካልኳቸው ከኋላ ይሄዱና አንድ ነገር ነካክተው ይመጣሉ። ‹በይ እስቲ ደግመሽ ንኪው› ይላሉ። ያን ጊዜ ይተዋል። ሳይጠይቁኝ ውለው አያውቁም፤ በዚህ በዚህስ ደግ ናቸው።»

ኪዳን ተነሣ። ባዶ እግሩን መኪናውን ዞረ። ከኋላ በኩል ያ ወፍራም ሽቦ ወጥቶ፣ ከሆቴሉ በተሳበ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል። ሶኬቱ ባለ ሁለት እግር ነው፤ ቢገለብጡት በሁለቱም በኩል ይገባል። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባው። ይህን ሽቦ የዘረጉት የድሮው ሾፌር ናቸው፤ የቤቱን መብራት በመኪና ደንብ ሠርተውታል። ከሁለቱ አንዱን ሽቦ ለመብራቱና ለፍሪጁ ሰጥተው፣ ሌላውን ለመመለሻ ብለው የመኪናው ገላ ላይ አስረውታል። ሶኬቱ በአንድ በኩል ሲገባ መኪናው ዝም ይላል። ተገልብጦ ሲገባ ያ ሰው የሚገድለው መብራት በበሩ፣ በመስኮቱ፣ በደረጃው ሁሉ ይሄዳል። አምፖሉ በሁለቱም በኩል ይበራል፤ አይቶ ማወቅ አይቻልም። ነክቶ ነው እንጂ።

ሶኬቱን ነቀለና አቶ ምስጋኑ ዘንድ ሄደ። እንግዳ መቀበያው ላይ የላስቲክ አበባ እየደረደሩ አገኛቸው። እግሩን አይተው ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ያ መኪና እንደሚገድል ያውቃሉ?»

«ሲገለበጥ ነዋ!» አሉ፤ ምንም አልደነገጡም። «ምን ላድርገው? አንዴ ማከፋፈያው ይነቀላል፣ አንዴ ጄኔሬተር ይነሣል፤ በየት በኩል እንደገባ በምን አውቃለሁ? እሷ ትነካዋለች። ነዘረኝ ካለች እገለብጠዋለሁ። እስካሁን አንድ እንግዳ ነክቶ አያውቅም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ነፍሰ ጡር እኮ ናት፣ አቶ ምስጋኑ!»

«ለአንድ አፍታ ነው። ደግሞ ለምዳዋለች።»

«እርስዎስ ነክተውት ያውቃሉ?»

«የመጀመሪያ ቀን» አሉና ቀኝ እጃቸውን ሳያውቁት ኪሳቸው ከተቱ። «እስከ ብብቴ ነው ያደነዘዘኝ። ከዚያ ወዲያ ምን በወጣኝ!»

ኪዳን አፉ ምራቅ ሞላው። እስካሁን የጸየፈው ሁሉ፣ ሥጋው፣ አይጦቹ፣ ያ እግሩ ላይ የፈሰሰው፣ ሁሉም ታጥቦ የሚለቅ ነገር ነው። ይህ ግን የላስቲክ አበባ ይደረድራል፣ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፣ ‹ዛሬስ ነዘረሽ?› ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ ሰው ጋር አንድ አየር መተንፈስ አንገሸገሸው። ከደጁ ወጥቶ ተፋ። ቦርሳውን አነሣ፣ እርጥብ ጫማውን በጣቱ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ወደ ግቢው በር አመራ። ሌላ የሚያውቀው መፍትሔ የለውም፤ የጸየፈውን ነገር ጥሎ መሄድ ነው ልማዱ።

በሩ ጋ ሲደርስ ከኋላው የአቶ ምስጋኑን ድምፅ ሰማ። ሶኬቱን መልሰው ሰክተውታል። «ትርሐስ! ነይማ፣ ንኪው እስቲ!»

ዞር ሲል ትርሐስ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ወደ መኪናው ስትሄድ አየ። «እንዳትነኪው!» ብሎ የጮኸው ጩኸት መንገድ ላይ ያለ ሰው አስቁሟል። ቦርሳውን ጥሎ ሮጠ፤ ሽቦውን ከማከፋፈያው መንጥቆ ሶኬቱን ከኪሱ ባወጣው ጉጠት ቆርጦ ኪሱ ከተተው።

«ምን ሆነሃል፣ ሰውዬ! ሙሽሮቹ መንገድ ላይ ናቸው!»

«ልሠራው ነው» አለ ኪዳን። «ለእርስዎ ብዬ አይደለም።»

እንደዚያ ሆነ። እሱ ቢሄድ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እጇን የምትሰጠው እሷ ናት። ስለዚህ ተጸያፊው ኪዳን ያን የፈሰሰውን በገዛ እጁ በአፈር አልብሶ አወጣው። ትርሐስ ልታግዘው ብትል «አንቺ አትቅረቢ» አላት። የአቶ ምስጋኑን ሽቦ ከብሎኑ ፈትቶ ጣለው፤ ለሄደው ሁሉ መመለሻ ሁለተኛ ሽቦ ዘረጋ፤ ከመኪናው ገላ አንድ ሽቦ አውጥቶ እርጥብ መሬት ውስጥ በቀበረው የብረት ዘንግ ላይ አሰረ። የቤት መብራት ሥራው ባይሆንም ሁለት ሽቦ ለይቶ ማሰር አያቅተውም። እየሠራ ነገሩን ለትርሐስ አስረዳት፤ ሶኬቱን ከኪሱ አውጥቶ፣ በዚህ ሲገባና በዚያ ሲገባ የሚሆነውን፣ እሷ ለምን ‹ደግመሽ ንኪው› እንደምትባል።  እሷ ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ ሶኬቱን ብቻ ታየዋለች።

ሲጨርስ ሶኬቱን መልሶ አስሮ ሰካው። በባዶ እግሩ ጭቃው ላይ ቆመና፣ አንዴ በእጁ ጀርባ፣ ቀጥሎ በመዳፉ በሩን ነካ። ዝም አለ። ሶኬቱን ገልብጦ ሰክቶ ደግሞ ነካ። ዝም አለ። ያኔ ነው ትንፋሹን የለቀቀው። «አልቋል» አለ። «ከእንግዲህ ሕፃን ቢነካው ምንም አይሆንም።»

አቶ ምስጋኑ ኮታቸውን ለብሰው ወጥተዋል። «አንተማ የሠራኸው አንተ ነህ፤ ምን ልትል ነው?» አሉት፤ ወዲያው በለመደ አፋቸው ተጣሩ። «ትርሐስ! ነይ፣ ንኪው!»

ትርሐስ መጣች። አልነካችውም። አጥባ ያደረቀችውን የኮንጎ ጫማዋን አጥልቃለች፤ አቶ ምስጋኑ ፊት ሁለት እጇን አጣምራ ቆመች።

«ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ይንኩት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እርስዎ ጫማዎን ያውልቁና ይንኩት። እኔ እጠይቅዎታለሁ።»

በዚህ መሀል የግቢው በር ተከፈተና ሙሽሮቹ ገቡ። ከደሴ የመጡ ናቸው፤ ሙሽራው ሁለት ሻንጣ ይዟል፣ ሙሽራይቱ ስልኳን አውጥታ ነጩን መኪና እያነሣች ትስቃለች። አቶ ምስጋኑ ፊታቸው በአንድ አፍታ ተለወጠ። «እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ግቡ! ይቅርታ፣ ጫማ ብቻ አውልቁልኝ፤ ምንጣፍ ነው» አሉ። ሙሽራይቱ ጎንበስ ብላ አንዱን ጫማዋን አወለቀች።

«እትዬ፣ ባለቤቱ ሳይከፍቱልሽ እንዳትነኪው» አለቻት ትርሐስ። «ሰው ይነዝር ነበር። ተሠርቷል አሉ። እሳቸው ይክፈቱልሽ።»

ሁሉም ወደ አቶ ምስጋኑ ዞረ። በሩ አጠገባቸው ነው፤ እጃቸውን ቢዘረጉ ይደርሳሉ። እንደ ማንኛውም የቤት በር ሰላማዊ በር ነው፤ ኪዳን ያውቃል። አንድ ቃል ቢተነፍስ፣ ወይም ራሱ ሄዶ ቢከፍተው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ዝም አለ።

«ምን ችግር አለው! ምንም ችግር የለውም» አሉ አቶ ምስጋኑ እየሳቁ። ጫማቸውን አላወለቁም። ከጭቃው ፈቀቅ ብለው ደረቅ ድንጋይ ላይ ወጡ። ቀኝ እጃቸው ከኪሳቸው አልወጣም፤ የግራ እጃቸውን ጣቶች ወደ ኮታቸው እጅጌ ሰብስበው እስከ ጫፋቸው ሸፈኑ፤ የተሸፈነውን እጅ ወደ እጀታው አስጠጉ፣ መለሱ፣ ደግመው አስጠጉ። ግንባራቸው ወዝቷል።

ሙሽራይቱ እጅጌውን አየች። ትርሐስን አየች፣ ሆዷንም አየች። ከዚያ ጎንበስ አለችና ጫማዋን መልሳ አጠለቀች።